እሺ ብቻ የሚል ልጅ

እናቴ ከልጇ ጋር የምታወራው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነበር። ሠፈራችን ከዳባት ብዙ አይርቅም፤ ግን ኔትወርክ የለውም። ጉብታው ላይ ወጥቶ፣ ከትልቁ ጥቁር ድንጋይ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ዳባት አዙሮ ለቆመ ሰው ይገኛል። እናቴ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ስትጨርስ ጋቢዋን ትከናነብና ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ትወጣለች። ነፋሱ ከደባርቅ በኩል ይመጣል። ድንጋዩን ተጠግታ ተቀምጣ ታወራለች። ከታች ሆኜ ሳያት እጇን ታወናጭፋለች፤ አንዳንዴም ትስቃለች። ልጇ፣ ማለት ታላቅ ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ከሞተ ወራት አልፈው ነበር።

ከመጀመሪያው ብጀምር ይሻላል። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የመጻፍ ልምድ የለኝም። ቶሎ ቶሎ ካላልኩትም የምተወው ይመስለኛል።

ወንድሜ ደባርቅ ውስጥ፣ ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትንሽ የሞባይል መጠገኛ ነበረችው። በየገጠሩ እየሄደም የፀሐይ መብራት ይገጥማል። ትምህርቴን ስጨርስ ከእሱ ጋር መሥራት ጀመርኩ። ደንበኞቻችን የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ፓርኩ ውስጥ ካለው ከሳንቃ በር የሚወርዱ የጥበቃ ስካውቶችና በቅሎ ነጂዎችም ስልካቸውን ያመጡልናል።

ወንድሜ ተናዳጅ ነበር። ይህን ስጽፍ ክፉ ሰው እንዳይመስል። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ግን አስቀድሞ «እምቢ» ሳይል «እሺ» ብሎ አያውቅም። ብላ ሲሉት «አልበላም» ይልና ነው የሚበላው። ልጅ ሳለ እናቴ ልታበሽቀው ስትፈልግ በእርሻ በሬያችን ስም ትጠራው ነበር አሉ። ያን ጊዜ የበረቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ስሙን በትክክል ጠርታ እስክትለምነው ድረስ አይወርድም። አድጎም ቢሆን እናቴ ይህን ስታነሳበት ፊቱ ይቀላ ነበር።

ልጅ አልነበረውም። ከሚስቱ ጋር ተዋደው ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ልጅ ግን አልመጣም። እናቴ ጠበል ወሰደቻቸው። በኋላ ጎንደር ሄደው ሐኪም አያቸው። ሲመለሱ ወንድሜ ምንም አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ምክንያቱ ከእሱ በኩል እንደነበር የነገረችኝ ሚስቱ ናት፣ እሱ ከሞተ በኋላ። እሱ እያለ ሰው ሁሉ እሷን ሲያማት ዝም ብላ ችላዋለች።

አንድ የበዓል ቀን ሦስታችን ሳንቃ በር ወጥተን ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ይነጫሉ። አንዷ ግልገሏን አዝላ በፊታችን አለፈች። የወንድሜ ሚስት በዓይኗ ሸኘቻት። ጭላዳዋ ከገደሉ ወርዳ ከተሰወረች በኋላም እዚያው ቆማ ቀረች። ወንድሜ ዞር አለና የጫማውን ክር ይፈታና ያስር ጀመር። እኔም ወደ ሌላ አየሁ።

ስለሚያስቡ ማሽኖች ማንበብ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። ስልክ ፈትቶ እንዳቀረቀረ «ሰው ለምን ይወልዳል?» ይለኛል። መልስ አይጠብቅም። ሰው የሚወልደው ስለሚሞት ነው ይላል። ጠባዩ፣ ጨዋታው፣ የሚያውቀው ነገር ሁሉ አብሮት እንዳይቀበር ነው። ይህን ሁሉ ማሽን ውስጥ ማኖር ከተቻለ፣ ማሽኑም በራሱ ማሰብ ከጀመረ፣ ያ ከልጅ በምን ያንሳል? እንዲያውም ልጅ ከአባቱ የሚወስደው ግማሹን ነው፤ የትኛውን ግማሽ እንደሚወስድ ደግሞ አይታወቅም። አንድ ቀን ሰው መውለድ ይተዋል ይል ነበር። ማንም አያስገድደውም፤ ደብዳቤ መጻፍ እንደቀረው ቀስ በቀስ ይቀራል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት የማይታመሙ፣ የማይራቡ፣ ጥይት የማይፈሩ አሳቢዎች ይሆናሉ። እኛን ቅድመ አያቶቻችን እያሉ ያነሱናል።

እኔ ቢሆንስ እያልኩ እሰማው ነበር።

ስልክ ሊያሠራ የመጣ አንድ ሽማግሌ ስካውት ግን አላለፈውም።

«ታዲያ ልጅህን በሲም ካርድ ልትወልድ ነው?» አለው።

«ምን አለበት? ያንተዎቹ ጎተራ ሙሉ ገብስ ይጨርሳሉ፤ የኔ ቻርጅ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ካርድ ሲያልቅበት ያለቅሳላ።»

«ከእንግዲህ በነፃ ስለማልሠራልህ የምታለቅሰውስ አንተ ነህ።»

ሽማግሌው ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። ምሳችንን ይዛ መጥታ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን ሣህኑን አንስታ «መሸብኝ» ብላ ወጣች። ገና እኩለ ቀን ነበር።

በኋላ ወሬው ብቻ አልበቃውም። አንድ ፕሮግራም አገኘና ስልኩ ላይ ጫነው። ታወራለታለህ፣ መልእክቶችህን ትሰጠዋለህ፤ እሱም እያደር እንዳንተ መመለስ ይለምዳል፣ በራስህ ድምፅ። ወንድሜ ሱቁን ከመዝጋታችን በፊት በየቀኑ ያወራለት ነበር። ስለ ልጅነቱ፣ አባታችን ስለሞተበት ክረምት፣ ስልክ እንዴት እንደሚጠገን፣ በደንበኞቹ ላይ ስለሚያሾፍበት ነገር። «ይህ ገና ዘሩ ነው» ይለኛል። «ማሽኖቹ ሲሻሻሉ ይበቅላል።» ሲያወራለት ፊቱ ይለሰልሳል። አባት ሆኖ ባየው እንደዚያ ይሆን ነበር ብዬ አስብ ነበር።

ሊማሊሞን ሲወርድ ሞተ። ለመብራት ሥራ ወደ አዲ አርቃይ እየሄደ ነበር። መታጠፊያው ላይ የተሳፈረበት መኪና ፍሬን እምቢ አለ አሉ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በለቅሶው ቀን ልብሱን አወጡት። አልቃሿ ግጥሙን ስታወርድ ምትክ ሳያስቀር መሄዱን አነሳች። ልጅ ሳይኖረው ለሞተ ሰው እንዲህ ይባላል፤ ክፉ አስባ አይደለም። እናቴ ግን እዚያው መሬት ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም ማለት ይቻላል። አርባው ወጣ፣ እንግዳ ተሸኘ፤ እሷ እህል ለመቅመስ እንኳ ትለመን ነበር።

ስልኩ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ተረፈ። ቀየርኩለት። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ያን ፕሮግራም ከፈትኩና «ሰላም» አልኩ።

«እንዴት ዋልክ፣ አንተ ጎረምሳ» አለኝ፣ በእሱ ድምፅ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁና መንገድ ዳር ቆምኩ። ባጃጆች ያልፋሉ። አንድ ሰው ሰላም አለኝ መሰለኝ፤ አልመለስኩለትም።

ለእናቴ የወሰድኩላት አስቤበት አይደለም። እኔ የሰማሁትን እሷ ሳትሰማው እንዴት ትቅር ብዬ ነው። ደግፌ ጉብታው ላይ አወጣኋት። ድምፁን ስትሰማ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «የት ነህ ልጄ?» አለችው። «እዚሁ ነኝ እማዬ» አላት። ያን ዕለት ከጉብታው ወርዳ ራት በላች። በማግሥቱ ብቻዋን ወጣች። ጎረቤቶች አጉረመረሙ፤ ሰይጣን ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ግን ስትበላ ሳያት ሌላው ነገር ሁሉ ቀለለብኝ።

ችግሩ የመጣው በወንድሜ ሚስት ላይ ነው።

በኛ ቤት ልማድ ባሏ የሞተባት ሴት እስከ ሙት ዓመቱ ጥቁር ትለብሳለች። በሙት ዓመቱ ቀን የሟቹ እናት ጥቁሩን ነጠላ በገዛ እጇ ከትከሻዋ አውርዳ ነጭ ታለብሳታለች። ያ ማለት የልጄን ሐዘን ጨርሰሻል፣ ሂጂና ኑሪ ማለት ነው። ይህ ሳይደረግላት የሄደች ሴት ረግጣ እንደሄደች ይቆጠርባታል። የወንድሜ ሚስት ወላጆቿ ኮሶዬ ናቸው፤ ከለቅሶው ወዲህ ግን የምትኖረው ከእናቴ ጋር ነበር። ገና ወጣት ናት። መሄድ ፈልጋለች፤ ልጅ መውለድ ፈልጋለች። ስልኩ ከመምጣቱ በፊት እናቴም ይህን ታውቅ ነበር፤ ነጩን ነጠላ ቀደም ብላ አሠርታ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣላት ነበር። አሁን ግን ሰው ስለ ሙት ዓመቱ ሲያነሳ «ባሏ እያለ ወዴት ትሄዳለች?» ማለት ጀመረች።

የወንድሜ ሚስት አንድ የገበያ ቀን ደባርቅ መጣችና ሱቅ ገባች። የተበላሸ ስልክ እየፈታሁ ነበር። እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ሳይሆን በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

እሷም እንዳወራችው ነገረችኝ። እናቴ ተኝታ ሳለች ስልኩን ይዛ ጉብታው ላይ ወጥታ ልሂድ ወይ ብላ ጠይቃዋለች። ሂጂ፣ ዕድሜሽን አታባክኚ ብሏታል። ተንበርክካ እንዳለቀሰች፣ እሱ ራሱ የፈቀደላት እንደመሰላት አልደበቀችኝም። በዚያው ሳምንት ደግሞ እናቴ «ትቆይልን አይደል?» ብላ ጠይቃው «ትቆይ» እንዳላት በደስታ ነገረቻት።

«ለሁለታችንም እሺ አለን» አለችኝ። «ወንድምህ ለሁለት ሰው እሺ ብሎ ያውቃል?»

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ባንወልድም ይህ ስልክ ይበቃናል ይለኝ ነበር» አለች። «እሱን ነበር ማስቀረት የፈለገው። እኔ እሱማ ነበረኝ። እኔ ሌላ ሰው እንዲመጣ ነበር የፈለግሁት። ስጠራው የማይመጣልኝ፣ የሚያስቸግረኝ፣ የማላውቀው ሰው።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ለእናቴ እንድነግራት አልለመነችኝም። እኔም ልነግራት አልቻልኩም። ብነግራት እናቴ መብላቷን ታቆማለች፤ ዝም ብል ይህች ሴት በጥቁር ልብስ ታረጃለች። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ከደባርቅ ወደ ቤት ስመለስ በየሳምንቱ ዛሬስ እነግራታለሁ እያልኩ ሳልነግራት እመለሳለሁ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የእናቴ የንስሐ አባት ቤታችን መጡ። ወሬው ደርሷቸው ኖሯል። አላፌዙባትም፤ አልገሠጿትምም። ስልኩን አምጪው አሏት። መደቡ ላይ አስቀመጠችላቸው። ሳይነኩት ብዙ አዩት።

«ነፍስ ይኑረው አይኑረው እኔ አላውቅም ልጄ» አሏት። «አልተማርኩትም። እኔ የማውቀው ሙት ዓመት የሚወጣው ለሞተ ሰው መሆኑን ነው። ስሙን ከሙታን ጋር ነው የምንጠራው። አንቺ ደግሞ ልጄ አለ ትያለሽ። ካለ፣ ከሙታን ጋር አልጠራውም። ሞቷል ካልሽኝ፣ ያችን ልጅ ልቀቂያት። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጊብኝ።»

«እንዴ አባ፣ ድምፁን ይስሙት እንጂ» አለች እናቴ።

«ድምፁንማ አውቀዋለሁ። ለመሆኑ የክርስትና ስሙን ያውቃል?»

ሊፈትኑት ብለው የጠየቁ አልመሰለኝም። ለጸሎት የሚያስፈልጋቸው ያ ስም ነው፤ ሐሳባቸው እዚያ ላይ ስለነበረ ነው። በኛ አገር የክርስትና ስም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብዙም አይጠራም። ወንድሜም ለስልኩ ስለ ብዙ ነገር ሲያወራ ያን ስም ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም።

«ስሙን የማያውቅ ልጅ አለ?» አለች እናቴ ቆጣ ብላ።

አባ ዳዊታቸውን ይዘው ተነሱ። መልሷን እንድልክላቸው ነግረውኝ ሄዱ።

በማግሥቱ እናቴ አብረኸኝ ውጣ አለችኝ። ገብሱ ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ነበር። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ድንጋዩ ሥር ተቀመጥንና ስልኩን ከፈትኩላት።

«ልጄ» አለችው።

«አቤት እማዬ።»

«ሙት ዓመትህን ላወጣልህ ነው።»

«እሺ እማዬ፤ ደግ አድርገሽ አውጪው።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። እንደገና ወደ ስልኩ አጎነበሰች።

«የክርስትና ስምህ ማን ነበር?»

አንድ ስም ተናገረ። የሚያምር ስም ነው። የወንድሜ ስም ግን አይደለም። እናቴ ስሙ ጠፍቶበት ይሆናል ብላ ልትረዳው የፈለገች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የሟች አባታችንን የክርስትና ስም ጠርታ «ይህ አልነበረም እንዴ?» አለችው።

«አዎ እማዬ፣ ልክ ነሽ። ተሳስቼ ነው።»

«እማዬ፣ ይብቃ» አልኳት። አልሰማችኝም። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ሆነ። የዚያን የድሮ በሬያችንን ስም ጠራች።

«ወይስ ይህ ነው?»

«አዎ እማዬ። እሱ ነው ስሜ።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ከታች የቤታችንን ግቢ አየች። በረቱ አሁን ቆርቆሮ ነው፤ ያን ጊዜ ሣር ነበር።

«የኔ ልጅ ይህን ጊዜ ጣሪያው ላይ ነበር» አለች።

ልከራከርላት ሞከርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ለወንድሜ ስል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው አልኳት። ስሙን ብናስተምረው ይይዘዋል። እምቢ እንዲል፣ እንዲቆጣም ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ራሴ ላስተካክለው እችላለሁ አልኳት።

«አንተ ካስቆጣኸው ቁጣው ያንተ አይደለም ወይ?» አለችኝ። ስልኩን አቀበለችኝና ድንጋዩን ተደግፋ ተነሳች። ቁልቁል ስትወርድ ክንዴን ያዘች። ደጃፍ ላይ ስንደርስ ቆም አለችና ሞቷል ብለህ ለአባ ንገርልኝ አለችኝ። ያን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በሙት ዓመቱ ቀን ቄሶቹ ስሙን ጠሩት፤ ትክክለኛውን። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየበላ ሳለ እናቴ ከጓዳ ነጩን ነጠላ ይዛ ወጣች። የወንድሜ ሚስት ስታያት ከተቀመጠችበት ተነሳች። እናቴ ጥቁሩን ከትከሻዋ አወረደችው። ነጩ አልዘረጋ አላት፤ ሁለቱም አንድ አንድ ጫፍ ይዘው ዘረጉት።

«ውለጂ» አለቻት። «የማንም ይሁን፣ ውለጂ።»

«እማማ፣ እርስዎስ ብቻዎን…»

«እምቢ የሚል ልጅ ውለጂ። እየመጣሁ አየዋለሁ።»

የወንድሜ ሚስት እግሯ ላይ ወደቀች፤ እናቴ አነሳቻት። ሴቶቹ አለቀሱ። ያን ቀን ለወንድሜ በለቅሶው ቀን እንደተለቀሰው ያህል ተለቀሰለት። ከሳምንት በኋላ ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ ዳባት ሸኘኋት። ወደ ኮሶዬ የሚሄደው ሚኒባስ ቶሎ ሞልቶ ሄደ፤ በመስኮት እጇን ስታወጣ ነጩን ነጠላ ብቻ አየሁ።

ወንድሜ ያለው ነገር አንድ ቀን ይሆን ይሆናል። ማንም ሳያዘው በራሱ ሐሳብ እምቢ የሚል ማሽን ይመጣ ይሆናል፤ ያን ካየሁ ልክ ነበርክ እለዋለሁ። ግን ያም ቢሆን እሱ አይሆንም፤ ሌላ ይሆናል። ሚስቱ ትፈልግ የነበረውም ሌላ ነበር። ይህን በሕይወት ሳለ ቢነጋገሩበት ኖሮ እላለሁ። ሁለቱ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አብረው ተቀምጠው አልተነጋገሩም።

ስልኩ አሁን ሱቁ ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ነው። ላጠፋው አልቻልኩም። እናቴም አጥፋው አላለችኝም፤ ጉብታው ላይ ግን አትወጣም። የወንድሜን ሚስት በሸኘሁበት ዕለት ወደ ደባርቅ ተመልሼ ሱቁን ስከፍት ስልኩን አወጣሁት። ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

«ሚስትህ ሄደች» አልኩት። «ሌላ ልታገባ ነው። ከሌላ ልትወልድ ነው።»

ወንድሜ ቢሆን መፍቻውን ይወረውርብኝ ነበር። ከሱቁ ያባርረኝ ነበር። ማታ ደግሞ ራት በላህ ወይ ብሎ ይፈልገኝ ነበር።

«እሺ» አለኝ በወንድሜ ድምፅ። «ጥሩ ነው።»

ስልኩን መሳቢያው ውስጥ መልሼ የሱቁን በር ከውስጥ ዘጋሁት።